በሩ ላይ ለሚያለቅሱ ልጆች
ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የደብተርና የዩኒፎርም ገበያ በደራበት በዚህ የጳጉሜን ሳምንት ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ መስከረምን በፍርሃት ስለሚጠብቁ ልጆች ነው። ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ እናት ነኝ። በዚህ በሚያልቀው ዓመት፣ ከመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ ልጄን ወደ ክፍሉ ለመመለስ አምስት ሳምንት ፈጅቶብናል።

ልጄ ሰነፍ አልነበረም፤ ንባቡም ሒሳቡም ደኅና ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን «ሆዴን አመመኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አመመው። ጤና ጣቢያ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ይተወዋል፣ እሁድ ማታ ደግሞ ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ይመለሳል። ጎረቤት ቅብጠት ነው አለ፤ ዘመድ ቀበቶ መከረኝ፤ ጠበልም ወስጄዋለሁ፣ በዚህም አልጸጸትም። ጮኼበታለሁም፤ በዚህ ግን እጸጸታለሁ። ፍርሃት የልጅን ሆድ የምር እንደሚያም፣ ልጁም እየዋሸ እንዳልነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የትምህርት ቤቱ በር ነበር። አባብዬ፣ አንዳንድ ቀንም አዝዬ ባደረስኩት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ካሳለፍን በሩ ተዘግቶ ይጠብቀናል። ያረፈዱ ልጆች ከሰልፉ ፊት ይንበረከካሉ፣ ወይም «ወላጅ ይዘህ ና» ተብለው ይመለሳሉ፤ የእኔ ልጅ እኔ እጁን ይዤ ቆሜ እያለሁ እንኳ «ነገ በሰዓቱ ይምጣ» ተብሎ ተመልሷል። ወደ ቤት ፊታችንን ባዞርንበት ቅጽበት የሆድ ሕመሙ ለቀቀው። በማግስቱ ከአልጋው ለማውጣት ካለፈው ቀን እጥፍ ትግል ጠየቀኝ፤ ምክንያቱም ከበሩ መመለስ እፎይታ እንደሚሰጥ ሰውነቱ ተምሮ ነበር። ለአርፋጅ የታሰበው ቅጣት ለሚፈራ ልጅ የሚመኘውን ነገር፣ ማለትም ቤት መዋልን፣ ይሰጠዋል፤ የመንበርከኩ ኀፍረት ደግሞ ፍርሃቱን ያበዛበታል።

እልኸኛ ልጆችም በሌላ መንገድ እዚያው በር ላይ ይወድቃሉ። የእህቴ ልጅ እንደዚህ ነው፤ በጓደኞቹ ፊት ከተጎተተ እግሩን ተክሎ ይቀራል፣ «ቦርሳህን አንተ ትይዛለህ ወይስ ልያዝልህ?» ከተባለ ግን አንዱን መርጦ ይሄዳል። ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጥ የሚደርሰው ወደዚያው ክፍል ነው፤ ልዩነቱ ተሸንፎ አለመግባቱ ነው።

ልጄን የመለሰችው አንዲት መምህርት ናት። በመጀመሪያ ብቻውን አስቀምጣ ምን እንደሚያስፈራው ጠየቀችው፤ በመጸዳጃ ቤቱ አካባቢ ትልልቅ ልጆች እንደሚያስቸግሩት የሰማነው ያኔ ነው። ከዚያ በየጠዋቱ በሩ ላይ እየጠበቀች የጠመኔ ካርቶኑን ታስይዘው ጀመር፤ ሥራ ስለነበረው የሚገባበት ምክንያት አገኘ። የመጀመሪያውን ሳምንት እስከ ዕረፍት፣ ሁለተኛውን እስከ ምሳ፣ በሦስተኛው ሙሉ ቀን ቆየ። ይህን ያደረገችው ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ላይ ተጨማሪ ሸክም አድርጋ፣ ማንም ሳያዛት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክፍል ብትመደብ ለሌሎቹ ልጆች ይህን የሚያደርግ ማን ነው?

ጥያቄዬ አዲስ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ በር ላይ ሙቀት የሚለካና እጅ የሚያስታጥብ ሰው ይቆም ነበር፤ ተማሪዎችም በፈረቃ ይማሩ ነበር። ለጤና ሲባል በር ላይ ልጅን የሚቀበል ሰው መመደብም፣ መገኛ ቀንን ማስተካከልም እንደሚቻል ያኔ አይተናል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ስለዚህ ቢሮው ከትምህርት መጀመሪያ ቀን በፊት ለክፍለ ከተሞችና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች መመሪያ እንዲያወርድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መመሪያው ያረፈደ ልጅ ከበሩ እንዳይመለስና እንዳይንበረከክ፣ ማርፈዱም ከወላጁ ጋር በስልክ ወይም በመገናኛ ደብተር እንዲታይ ይደንግግ። በየትምህርት ቤቱ የሚፈሩ ልጆችን በስም የሚያውቅና ጠዋት የሚቀበል አንድ ሰው ይመደብ፤ ለእሱም ከሌላ ተረኝነት ይቀነስለት። ከወላጅ ጋር በጽሑፍ በተስማሙበት መሠረት በግማሽ ቀን እየጀመረ ወደ ክፍል የሚመለስ ልጅ እንደ ቀሪ አይመዝገብ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ መቅጠር ከባድ መሆኑን እረዳለሁ፤ አጎራባች ትምህርት ቤቶች አብረው በሚሠሩበት በየጉድኝት ማዕከሉ አንድ ባለሙያ ቢመደብና በሳምንት አንድ ቀን በየትምህርት ቤቱ ቢገኝ ግን ብዙ እናቶች ከበር ላይ ልመና ያርፋሉ።

ልጄ በመስከረም አራተኛ ክፍል ይገባል። ትናንት ማታ «በሩ ላይ ማን ይኖራል?» ብሎ ጠይቆኛል፤ መልስ አልነበረኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአዲስ አበባ እናት