ወተት ርክክብ አይጠብቅም፦ ለምግብ ደህንነት ቁጥጥር ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

የወተት ቁጥጥርን ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ የሚያዛውር ረቂቅ ጠረጴዛችሁ ላይ ካለ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህችን ደብዳቤ አንብቡልኝ።

ሥራው የጤና ይሁን የግብርና ወይም የንግድ፣ እሱ ክርክር ውስጥ አልገባም። ሁሉም የራሱ ምክንያት አለው። ወተት ከላሟ ጡት ሲወጣ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ነው። ሕፃን አፍ ሲገባ የጤና ጉዳይ ይሆናል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ መሀሉ ነው። የቀድሞው መሥሪያ ቤት «አስረክቤያለሁ» ሲል፣ አዲሱ ደግሞ «ገና አልተረከብኩም» የሚልበት ጊዜ።

ላም ያንን ጊዜ አትጠብቅም። ጠዋትም ማታም ትታለባለች። ወተቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ ባክቴሪያ ይራባበታል። እህል ቢሆን ኖሮ ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪጨርስ ጎተራ ውስጥ ይቆይ ነበር።

የቻይናን ነገር ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት በተበከለ የዱቄት ወተት ታመሙ። ስድስቱ ሞቱ። ወተቱ ውኃ ተጨምሮበት ስለቀጠነ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ እንዲመስል ሜላሚን ጨመሩበት። ምርመራው የሚለካው ፕሮቲኑን ራሱን ሳይሆን በውስጡ የሚገኘውን ናይትሮጅን ነበር፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የሞላበት ኬሚካል ነው። ማሽኑ «ጥሩ ወተት ነው» አለ። የልጆቹ ኩላሊት ጠጠር ሠራ።

ያኔ ቁጥጥሩ ተከፋፍሎ ነበር። እርሻው በግብርና፣ ፋብሪካው በጥራት ቁጥጥር፣ ገበያው በንግድ፣ ምግብ ቤቱ በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ነበር። የማስተባበሩ ኃላፊነትም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ከምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛውሮ ነበር። ወንጀሉን የፈጠረው ይህ ሽግሽግ ነው አልልም። የፈጠረው ስግብግብነት ነው። ግን በእርሻውና በፋብሪካው መሀል ያለው የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ በግልጽ ባለቤት ያገኘው በጥቅምት 2008 በወጣ ደንብ ነው። ልጆቹ ከታመሙ በኋላ ማለት ነው። ከዚያም በ2013 ሥልጣኑ ወደ አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ተሰበሰበ። በ2018 ደግሞ ያም ፈርሶ ወደ ሌላ ተቀላቀለ።

ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የወተት ላቦራቶሪዎችን ብቃት የሚፈትንበትን ፕሮግራም አቆመ። ምክንያቱ ሥራውን የሚሠራው ላቦራቶሪ አቅም ማጣቱ ነበር። ወደ ሌላ ላቦራቶሪ እስኪዛወር ነው፣ የወተት ምርመራው ራሱ አይቆምም ተባለ። ልክ ነው። ግን ይህ ፈተና የመርማሪዎቹ መመርመሪያ ነው። ተመሳሳይ ናሙና ለተለያዩ ላቦራቶሪዎች ይላካል፤ ሁሉም ትክክለኛውን መልስ ማግኘታቸው ይታያል። እሱ ሲቆም ወተቱ ወዲያው አይበላሽም። የአንዱ ላቦራቶሪ መሣሪያ ስህተት ማሳየት ቢጀምር ግን ቶሎ የሚነቃ የለም።

የዝውውር ወጪ ሲሰላ የሚጻፈው የቢሮ ኪራይ፣ የመኪናና የደመወዝ ነው። የትኛው ጣቢያ በሙቀት ወራት ማቀዝቀዣው እንደሚሸነፍ፣ የትኛው አቅራቢ አንቲባዮቲክ የወሰደች ላም ወተት ሲቀላቅል እንደተያዘ የሚያውቀው ተቆጣጣሪ ግን አይጻፍም። እሱ ወደ ሌላ ክፍል ሲመደብ ያ ሁሉ እውቀት አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

«ሰው ቤቱ ያፍላው» የሚል መልስ እንዳትሰጡኝ እለምናችኋለሁ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ እኔም አፈላለሁ። ላሟ ከበላችው የሻገተ መኖ የመጣውን አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ግን እሳት አያጠፋውም። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በኪሎ ግራም ወተት የሚፈቅደው 0.5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 0.05 ብሎታል። ይህን በዓይንም በምላስም ማወቅ አይቻልም። ለእናንተ የተውነው ለዚህ ነው።

ማዛወር ግድ ከሆነ አዛውሩ። ግን ላቦራቶሪው መጨረሻ ላይ ይሂድ። አዲሱ ናሙና ተቀብሎ ትክክለኛ ውጤት ማውጣቱ እስኪረጋገጥ አሮጌው አይዘጋ። ለጥቂት ወራት ሁለቱም ጎን ለጎን ይሥሩ፤ ድርብ ወጪ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ይከፈል። የየጣቢያው የምርመራ መዝገብ ከተቆጣጣሪው ጋር አብሮ ይሻገር።

አንድ ነገር ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ለሕዝብ አሳውቁን። በሽግግሩ መሀል፣ በሌሊት፣ አንድ ቦቴ የተበከለ ወተት ጭኖ ቢያዝ፣ እንዲደፋ የሚያዝዘው ማነው? የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የኃላፊውን ስምና ሌሊትም የሚነሳ ስልክ ቁጥር እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ልጆቹን ወተት የሚያጠጣ አንድ አባት