የየኔታ ቤት ከመጪው ክረምት በፊት ጣራ ይፈልጋል

በደብረ ብርሃንም በውጭ አገርም ለምትገኙ የየኔታ ልጆች በሙሉ፦

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጣለው በረዶ የየኔታ ማስተማሪያ ቤት ጣራ መውደቁን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ሌሊት በመሆኑ የተጎዳ ልጅ የለም፤ ተመስገን። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የሚማሩት በደጀ ሰላሙ ጥግ ተጠጋግተው ነው። የአገራችንን የኅዳር ውርጭ ለምታውቁት ለእናንተ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ኮሚቴው ደግሞ መጣ» እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም መለመን ሰልችቶናል።

አስቀድመን ጥፋታችንን እንናገር። ጣራውን የጣለው በረዶው ብቻ አይደለም፤ ባሕር ዛፉ በቅጡ ሳይደርቅ ነው የተመታው። አናጢው «አንድ በጋ ይቆይ» ብሎን ነበር። እኛ ግን የኔታ ዓይናቸው ሳይከደን ቤቱን እንዲያዩት ስለ ፈለግን አጣደፍነው። አዩትም። በሰው ተደግፈው ገብተው ምሰሶውን በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉና «እርጥብ ነው» ብለው ሳቁ። በዚህ የሚቆጣን ይቆጣን፤ ከመካከላችን ዛሬም ቢሆን ያንኑ እናደርግ ነበር የሚሉ አሉ።

ለሕክምናቸው የተዋጣው ገንዘብ የት ደረሰ ለሚሉም መልስ አለን። የኩላሊት እጥበቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ነበር። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር በዚያ አቅም መመላለስ ስለማይሆን እዚያው አንድ ክፍል ተከራየንላቸው። የእጥበቱ፣ የኪራዩና የመድኃኒቱ ደረሰኝ አንድም ሳይጎድል ተቀምጧል፤ መጥቶ ማገላበጥ ይቻላል። የተረፈው፣ በራሳቸው ቃል፣ ለቤቱ ግድግዳና ወለል ዋለ። ግድግዳው ያን ሁሉ በረዶ ችሎ ዛሬም ቆሟል።

በእነዚያ ወራት ውሃ እንኳ በስኒ እየተለካ ነበር የሚሰጣቸው። ግራ ክንዳቸው ከማሽኑ ጋር ተያይዞ፣ በቀኝ እጃቸው ስልክ ይዘው እዚህ ያሉትን ልጆች ዳዊት ያስደግሙ ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ እሱኮ ወዳቂ ነው!» ብለው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ነርሷ «ማን ወደቀ?» ብላ እየሮጠች መጣች። «ወዳቂ» የግእዝ ንባብ ዓይነት ስም መሆኑን እስኪያስረዷት ድረስ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። ማሽን ላይ ሆነው ንባብ የሚያቀኑ መምህር እኛ ሌላ አላየንም።

ሀሁን በአክርማ እየጠቆሙ ያስቆጠሩን፣ ከመልእክተ ዮሐንስ እስከ ዳዊት ያደረሱን እሳቸው ናቸው። ወላጅ የሌለውን ልጅ ራት ሳይበላ አያሰናብቱም ነበር። «ብፁዕ ዘይሌቡ ላዕለ ነዳይ ወምስኪን»፣ ለችግረኛና ለምስኪን የሚያስብ ምስጉን ነው፣ የሚለውን 40ኛውን መዝሙር ስንት ጊዜ አስደገሙን? የደገምነውን የምናሳይበት ጊዜ አሁን ነው።

የሚያስፈልገው ደረቅ እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ ምስማርና የአናጢ ዋጋ ነው። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቆርቆሮ ዋጋ የት እንደ ደረሰ ቤት የሠራ ያውቀዋል፤ የቀድሞው ግምታችን ያነሰውም በዚሁ ነው። እንጨቱን እስከ ታኅሣሥ ካልገዛን በበጋው ደርቆ አይደርስልንም፤ ከሰኔ በፊትም ጣራ አይወጣም። ያንኑ ስሕተት ሁለተኛ አንሠራም።

ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተውና በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በቤተ ክርስቲያኑ በር ባለው ሰሌዳና በደረሰኞቻችን ላይ ታትሟል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሂሳብ አስተላልፉ። ውጭ አገር ያላችሁ በባንክ በኩል ስትልኩ «ለየኔታ ቤት» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ፤ ባለፈው ጊዜ ሳይጻፍበት የመጣውን የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ደክመናል።

በድጋሚ፦ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ። የኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ ለማንም በእጅ አትስጡ። ብር በእጅ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ለሰበካ ጉባኤው ንገሩ። ቆርቆሮ ወይም እንጨት በዓይነት የምታመጡ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ክፍት ነው፤ ደረሰኛችሁን ሳትቀበሉ ግን እንዳትሄዱ።