ስለ ቀጭኔ ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ያነሳሽው የቀጭኔ ፎቶግራፍ፣ «ውሃ ሊጠጣ ሲያጎነብስ እንዴት አያዞረውም?» ከሚለው ጥያቄሽ ጋር ደርሶኛል።

አንገቱ ወደ 2 ሜትር ቢጠጋም የአንገቱ አጥንቶች እንደ እኔና እንደ አንቺ 7 ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን እጅግ ረጃጅም ናቸው። ደም እዚያ ከፍታ ላይ እንዲደርስ ልቡ ከሰው በእጥፍ ገደማ በሚበልጥ ግፊት ይረጫል። የቀጭኔ ልብ ከልክ በላይ ግዙፍ ነው መባሉን ማጋነን አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ከሰውነቱ ክብደት ጋር ሲመዛዘን ከሌሎች አጥቢዎች ልብ አይበልጥም፤ ጉልበቱ ያለው በግራው ክፍል ግድግዳ ውፍረት ነው። ሲያጎነብስ ይኸው ግፊት አንጎሉን እንዳይጎዳው ከአንጎሉ ሥር ያለው የቀጫጭን ደም ሥሮች መረብ ያለዝበዋል፤ በአንገቱ ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክዳኖችም ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ተመልሶ እንዳይወርድ ይገቱታል። እግሮቹስ ብትይ፣ ቆዳቸው እንደ ጠባብ ካልሲ አጥብቆ ስለያዛቸው አያብጡም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶለት እንኳ መጠጣት አይቀለውም። አንገቱ ከእግሮቹ ቁመት አንጻር አጭር በመሆኑ የፊት እግሮቹን ሳይበረግድ ወይም ጉልበቱን ሳያጥፍ አፉ መሬት አይደርስም፤ አንበሳም የሚመቸው ያኔ ነው። ደግነቱ፣ 45 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ጠቆር ያለ ምላሱ ከግራር እሾህ መካከል የሚለቅመው ቅጠል ብዙ ውሃ ስላለው በየቀኑ መጠጣት አያስፈልገውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ወደ ማንቁርቱ የሚሄደው ነርቭ ነው፤ ከአንጎል ተነሥቶ እዚያው አጠገቡ እንደመድረስ እስከ ደረት ወርዶ፣ በልብ አቅራቢያ ያለውን ትልቅ የደም ሥር ዞሮ፣ መልሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ርዝመቱም ከ4 ሜትር በላይ ይሆናል።

ያነሳሽው የማሳይ ቀጭኔ ነው፤ የነጠብጣቦቹ ጠርዝ እንደ ቅጠል የተቆራረጠው ለዚህ ነው። በእኛ ጋምቤላ የሚገኘው የኑብያ ቀጭኔ ከጉልበቱ በታች ነጭ ነው። ጾታውን ደግሞ ከቀንዶቹ ለይ፤ የሴቷ ቀጠን ያሉና ጫፋቸው ጸጉራም ሲሆኑ የወንዱ ወፍራምና አናታቸው በመጋጨት ብዛት የተመለጠ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ወንድ ይመስለኛል።

የሚወድሽ አባትሽ