ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

በአንድ ጣራ ሥር እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥህ፤ ክፉ ነገር የለም። ልነግርህ የምፈልገው ጉዳይ ተጀምሮ ሳይቋረጥ የሚያልቅበት ጊዜ በቤታችን ስለ ጠፋ ነው። ከሥራ ስገባ ታናሽ እህትህ ሚጣ አንገቴ ላይ ናት፤ እሷን ሳስተኛ እኔንም አብሮ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አንተ ደግሞ ደብተርህን የምትዘረጋው ልክ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ አስቀምጬልሃለሁና ረጋ ብለህ አንብበው። መልስ ካለህ በቃልም በጽሑፍም፣ እንደ ተመቸህ ስጠኝ።

ቅዳሜ ዕለት ከገበያ ስመለስ አሠልጣኛችሁ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «ልጅዎ ምን ነክቶት ነው? ከጥር ወዲህ ልምምድ አልመጣም» ሲል ጠየቀኝ። ከእግር ኳስ ፕሮጀክቱ መቅረትህን የሰማሁት ከእሱ ነው። ምክንያቱን ለመገመት ግን ጊዜ አልወሰደብኝም። ሚጣን ትይዝልን የነበረችው ልጅ ዓረብ አገር ልሄድ ነው ብላ ከቤታችን የወጣችው በጥር ነው፤ ሚጣ የሕፃናት ማቆያ የገባችውም በዚያው ወር ነው፤ ማቆያው የሚዘጋው 11 ሰዓት ሲሆን ልምምዳችሁ የሚጀምረው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንተ ሁለቱን አመዛዝነህ፣ ለእኔም ለአባትህም አንድ ቃል ሳትናገር፣ ኳሱን ትተህ እህትህን ይዘሃል።

አመሰግንሃለሁ፣ ልጄ። ይህን ሳልልህ ወደ ሌላው ነገር መሄድ አልፈልግም። አባትህ በወሩ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሞጆና በጅቡቲ መካከል መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ ወጥቼ፣ ሰርቪሱ ሜክሲኮንና ሳር ቤትን አልፎ፣ ጀርመን አደባባይ ላይ ቆሞ ቆሞ ጀሞ ሲያደርሰኝ 1 ሰዓት ያልፋል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ሚጣ ደኅና መሆኗን ሳልጠራጠር ሥራዬን የምጨርሰው አንተ ስላለህ ነው። ሆኖም አንተ ምስጋና የሚገባህ መሆንህና ነገሩ በዚሁ መቀጠሉ የተለያዩ ናቸው፤ እኔም በዚሁ እንዲቀጥል አልፈቅድም።

ሚጣን የሚይዝ ሰው የሚጠፋበት ክፍተት ከየት እንደ መጣ ልንገርህ፤ አንዳንድ ጊዜ ልጅ የወላጁን ችግር ያየና መፍትሔው እኔ ነኝ ብሎ ያምናልና። እሷን ስወልድ ይሠራ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። ፈቃዴ አልቆ ቢሮ ስመለስ ሚጣ ገና የ3 ወር ልጅ ነበረች። አያትህ ከደብረ ሲና መጥታ፣ በሌሊት አልቤ ያስቀመጥሁትን የጡት ወተት በስኒ እያጠጣች ያን ጊዜ አሻገረችን፤ እርሷም የራሷ ቤትና እርሻ ስላላት መመለስ ነበረባት። ከዚያ ሠራተኛ ቀጠርን፤ እርሷ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ሄደች፤ አልፈርድባትም። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር፤ ነገር ግን ገና በጨለማ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ታቅፌ ሰርቪስ መሳፈር ስለማልችል የሠፈሩን ማቆያ መረጥሁ። እንግዲህ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለው ክፍተት በሕግ፣ በመንገድ፣ በደመወዝና በአባትህ ሥራ ምክንያት የተፈጠረ ነው። አንተ አልፈጠርኸውም፤ በየቀኑ ብቻህን ልትሞላውም አይገባህም።

አንተ ከእህትህ ጋር የምታደርገውን ነገር የማላይ እንዳይመስልህ። ከአያትህ የሚላከውን የደብረ ሲና ቆሎ እየበላህ እሷ እጇን ስትዘረጋ፣ ለእርሷ እንጀራ ቆርሰህ እንደምትሰጣት አይቻለሁ፤ ቆሎ የሕፃን ጉሮሮ እንደሚያንቅ አንድ ጊዜ ነግሬህ ሁለተኛ አላስታወስሁህም። የበረንዳውን በር መዝጋት፣ ጀበናው ከምድጃው ላይ ሳይወርድ እሷን ወደ ጓዳ አለማስገባት፣ ደረጃ ላይ ከፊቷ ሆነህ መውረድ፣ ይህን ሁሉ ማንም ሳይከታተልህ ታደርጋለህ። የ15 ወር የኩፍኝ ክትባቷን በወሰደችበት ዕለት ካርዷን ይዘህ ጤና ጣቢያ ወረፋ የጠበቅኸው አንተ ነህ። አሁን ሁለት ቃል ማገጣጠም ስትጀምር «ጋቼ ና» ማለቷም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚያናግራት ሰው ስላለ ነው። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ለጠራው መልስ ከሚሰጠው ሰው ነውና፣ የእህትህ አፍ መፍታት ውስጥ የአንተ ድርሻ ትልቅ ነው።

ከፎቁ ሥር የሚቀመጡት ልጆች በአንቀልባ አዝለሃት ስትወርድ እንደሚስቁብህም አውቃለሁ። የእነርሱን ሳቅ ከቁም ነገር አትቁጠረው። እህቱን የሚያዝል ወንድ ልጅ ማሳደጌ ያኮራኛል፤ ነገ የራስህ ልጅ ሲወለድ ምን መያዝ እንዳለብህ የማይጠፋህ አባት ትሆናለህ። የእኔ ጭንቀት ማዘልህ አይደለም። የእኔ ጭንቀት አዝለህ ሳለ ያለፈህ ነገር ነው።

እኔ የበኩር ልጅ ነበርሁ። ከእኔ በታች የተወለዱትን አንዱን ሳወርድ ሌላውን እያዘልሁ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት በፈረቃ ስለ ነበረ እናቴ ገበያ በምትወጣበት ቀን እኔ ከክፍል እቀር ነበር፤ ወንድሞቼ ግን አይቀሩም። እናቴን የምወቅስበት አንጀት የለኝም፤ ሌላ ማን ነበራት? ነገር ግን ብሔራዊ ፈተና ላይ ስቀመጥ፣ የቀረሁባቸው ቀናት እያንዳንዳቸው በጥያቄ መልክ ተመልሰው መጡ። ያሰብሁት ቦታ የሚያደርስ ውጤት አላገኘሁም። ሒሳብ ሠራተኛ የሆንሁት ቀን እየሠራሁ ማታ ተምሬ ነው፤ አንተ ስትወለድ ገና አልጨረስሁም ነበር። ታናናሾቼን እወዳለሁ፤ ዛሬም «እታለም» ብለው ሲደውሉልኝ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ያ ጊዜ የእኔም የልጅነት ጊዜ እንደ ነበረ ማንም አስታውሶ አልነገረኝም። እኔ ለአንተ መናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ የምነግርህም አሁን፣ ጊዜው ገና በእጅህ እያለ ነው።

ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ነህ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ብለህ ትመርጣለህ፤ ከዚያ በኋላ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የማነሣው ላስፈራራህ አይደለም፤ ያ ውጤት የመጣው ልጆቹ ሰነፍ ስለ ነበሩ ነው ብዬም አላምንም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ፈተና የሚያልፍ ልጅ አእምሮው ያረፈ፣ ለማጥናትም ለመጫወትም ጊዜ ያለው ልጅ መሆን አለበት። ዕቃ እያጠበ፣ ሕፃን እያባበለ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ የሚከፍት ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እኩል አልተነሣም።

ስለ እንቅልፍህም አንድ ነገር ልበል፤ አባትህ ከመንገድ ሲመለስ ጠዋት መነሣት አለመቻልህ ያሳስበዋልና። በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከልጅነት ጊዜው ይልቅ ዘግይቶ መመንጨት ይጀምራል፤ ስለዚህ የአንተ ዕድሜ ልጆች በጊዜ ቢተኙ እንኳ እንቅልፍ ቶሎ አይወስዳቸውም። ሰውነታችሁ ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይፈልጋል። ሚጣ በጊዜ ተኝታ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ አንተ እኩለ ሌሊት ላይ ተኝተህ 12 ሰዓት ላይ ትቀሰቀሳለህ። ሁለታችሁም ተፈጥሯችሁ ያዘዛችሁን እያደረጋችሁ ነው፤ ቤታችን ሁለት መኝታ ክፍል ብቻ ያለው በመሆኑ ግን የእርሷ መንቂያ የአንተን እንቅልፍ ይቆርጠዋል። ለአባትህ ይህን አስረድቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሚጣ ስትነሣ ወደ ሳሎን ይዣት እወጣለሁ፤ የአንተም በር ይዘጋል። ስልክህ ግን ከ4 ሰዓት በኋላ ሳሎን ይደር፤ የስልኩ ብርሃንም ቲክቶክም እንቅልፍህን የበለጠ ያርቁብሃል።

አሁን ወደ ወሰንሁት ልምጣ። የማቆያዋን ባለቤት አነጋግሬአታለሁ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተጨማሪ ክፍያ ተቀብላ ሚጣን እስከ 1 ሰዓት ተኩል ልታቆይልን ተስማምታለች። ከሰርቪስ ስወርድ እኔው አነሣታለሁ። ገንዘቡን ለማግኘት ከእቁቡ ሙሉ ዕጣዬን ወደ ግማሽ አውርጃለሁ። አባትህም ጋላፊ ድንበር ላይ ተራ እየጠበቀ ሳለ ደውዬለት፣ «እኔም ከአበሌ እጨምራለሁ» ብሏል። ስለዚህ ስለ ገንዘቡ ምንም አታስብ፤ እርሱ የእኛ ጉዳይ ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ እንደ ለመድኸው አንተ ታመጣታለህ። ይህን ያስቀረሁት ሌላ አማራጭ ስላጣሁ ብቻ አይደለም፤ ሚጣ አንተን በር ላይ ስታይ የምትሆነውን ስለማውቅ፣ አንተም ብትከለከል ቅር እንደሚልህ ስለምገምት ነው። ከበዛብህ ግን ንገረኝ፤ እርሱንም እናስተካክላለን። በፈተና ሳምንት አንዱንም ቀን አትሂድ።

ሦስቱን ቀናት ምን እንደምታደርግባቸው የምትወስነው አንተ ነህ። ወደ ፕሮጀክቱ ለመመለስ ከፈለግህ አሠልጣኙ ቦታህን እንዳልሰጠብህ ነግሮኛል። ማጥናት ከፈለግህም፣ ከጓደኞችህ ጋር ጆተኒ መጫወት ከፈለግህም፣ ወይም ቤት ገብተህ ዝም ብለህ መተኛት ከፈለግህ እኔ አልጠይቅህም። የት እንዳለህ ብቻ ልወቅ።

የቤት ውስጥ ሥራውን ከዚህ ጋር አደበላልቀህ እንዳትረዳብኝ ደግሞ ልለይልህ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ጀሪካን መሙላት፣ የበላህበትን ሳህን ማጠብ፣ ካልሲህንና የትምህርት ቤት ልብስህን ማጠብ፣ እሑድ ቤቱን ማጽዳት፣ እነዚህ እንዳሉ ይቀጥላሉ። የዚህ ቤት ሰው ስለሆንህ ታደርጋቸዋለህ፤ ሚጣም ስታድግ ታደርጋቸዋለች፤ ያኔ እርሷ ሴት ናትና ይብዛባት የሚል ሰው ቢመጣ የመጀመሪያው ተከራካሪ እኔ ነኝ። ሚጣን ማሳደግ ግን የእኔና የአባትህ ኃላፊነት ነው። እሷ ስትታመም ሌሊት የምነሣው፣ ስታስቸግር የምታገሣት፣ ፖፖ ላይ መቀመጥ የማለማምዳት እኔ ነኝ። አንተ ስትረዳኝ ደስ ይለኛል፤ ሳትረዳኝ ብትቀር ግን ጥፋት እንዳደረግህ ሊሰማህ አይገባም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሚጣ ለአፍታ እንኳ ዓይን የማይነቀልባት ልጅ ስለሆነች፣ የእናቴ ዓይን ከእኔ ላይ ተነሥቷል ብለህ አስበህ ይሆናል። ድምፅህ መጎርነን የጀመረበትን ወር አውቀዋለሁ። ሱሪህ ከቁርጭምጭሚትህ በላይ ሲሆን ከአንተ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ከጥር ወዲህ ስለ ኳስ ማውራት ማቆምህንም አስተውዬ ነበር፤ ምክንያቱን ነው ያላወቅሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ ወደ ፊት ንገረኝ። እኔን ላለማስጨነቅ ብለህ የምትደብቀኝ ነገር ከምትነግረኝ ይልቅ ያስጨንቀኛል። ሚጣ ከተኛች በኋላ መናገር ከፈለግህ ቀስቅሰኝ፤ እነሣለሁ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁልፉ እንደ ተለመደው ታች ቤት ጎረቤታችን ዘንድ ነው፤ ፍርፍር በምሳ ዕቃ አስቀምጬልሃለሁ። ታኬታህ አልጋህ ሥር ነው። ወራት ስላለፉት ጠቦህ ሊሆን ይችላልና ዛሬ ማታ ለክተህ ቁጥርህን ንገረኝ፤ አባትህ ሐሙስ ይገባል፣ ቅዳሜ መርካቶ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

እናትህ