«ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን መስመር በየጋራዡ ደጅ ከሚቆሙት አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ የሚመጡት በአንድ ዓይነት ቅሬታ ነው። ሞተሩ ይቆራረጣል፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ ሞቶ «በሦስት ይሠራል»። ባለቤቱ ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት የሚያቀጣጥለውን) ቀይሯል፣ የነዳጅ ፊልትሮ ቀይሯል፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከውን) ገዝቶ አስገጥሟል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው «ሞተሩ ይውረድ»፣ ማለትም ከመኪናው ወጥቶ ይከፈት፣ የሚል ፍርድ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና አስታሞ ከመያዝ ሌላ አማራጭ እያጣ ስለሆነ፣ ሞተር በመጠገን የምንተዳደር ሰዎች ስለዚህ ፍርድ የምንለው አለን።

ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ ሲሊንደሩ ውስጥ በሚፈጠረው ግፊት፣ መለኪያ ቁጥር ነው። አሮጌ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘውን 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር እንውሰድ። የፋብሪካው መጽሐፍ ጤነኛ ሲሊንደር 190 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ፣ ዝቅተኛው ልክ ደግሞ 142 ገደማ ነው ይላል። መጽሐፉ የሚናገረው ግን በባሕር ጠለል ስላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ያልሆነ ሞተር እዚህ ሲለካ ከ140 እስከ 145 ቢያሳይ አያስደንቅም። ሱሉልታ ላይ ቢለካ ከዚያም ይወርዳል፣ በመጽሐፉ ዓይን ደግሞ «ያለቀ» ሞተር ይሆናል። ስንቱ ደህና ሞተር በዚህ ቁጥር ምክንያት እንደተከፈተ ፈጣሪ ይወቀው።

እዚህ አገር ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር ሳይሆን አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማስተያየት ይሻላል። 140፣ 138፣ 142፣ 140 የሚል ሞተር አይነካ። 143፣ 141፣ 95፣ 142 የሚል ደግሞ ሦስተኛው ላይ በእርግጥ ችግር አለበት። ቶዮታ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ ገደማ ነው።

አለካኩም ራሱ ውጤቱን ያበላሻል። ሞተሩ መሞቅ አለበት። የሚለካው ሲሊንደር ካንዴላ ብቻ ሳይሆን አራቱም ይወጣሉ። የኢንጀክተሮቹና የቦቢናው ሶኬት ይነቀላል፤ አለበለዚያ ቤንዚን እየተረጨ ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ያጥበዋል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ሞተሪኖውም (የሞተሩ ማስነሻ) በደንብ ያዙር። ሁልጊዜ የሚረሳው ነገር ደግሞ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ታች መርገጥ እንዳለበት ነው። ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር አይገባም፣ ቁጥሩም በሐሰት ይወርዳል። መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም፣ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ከ6 እስከ 8 ምት ይዙር። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ በደንብ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ (የአየሩና የጭሱ በር) ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ይጠርጠር።

ግፊቱ በየት እንደሚያመልጥ ለማወቅ የጎሚስታ ኮምፕረሰር ደግሞ በየመንደሩ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይፈለጋል? የሚጠረጠረውን ሲሊንደር ፒስተን ሁለቱ ቫልቮች በሚዘጉበት በላይኛው ጫፍ አቁሞ፣ በማንዋል መኪና አምስተኛ ማርሽ አስገብቶና ፍሬን ይዞ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ እጅን ከቺንጋው (ከሞተሩ ቀበቶ) አርቆ በካንዴላው ቀዳዳ አየር መስጠት ነው። ፉጨቱ ከዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ቱቦው) ከመጣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ ከአየር ማጣሪያው በኩል ከመጣ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ውኃው አረፋ ካወጣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚመጣው ከቀላሉ ሥራ በኋላ ነው። መጀመሪያ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ይለይ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ እየነቀሉ መልሶ መሰካት በቂ ነው። ደህናው ሲነቀል የሞተሩ ዙር ይወድቃል፤ የሞተው ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። የካንዴላ ገመድ እየነቀሉ አየር ላይ እሳት ማስፈንጠር ብዙ ሰው የለመደው ዘዴ ነው፤ ቦቢናውን ይጎዳል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ወርዶ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቀልጣል።

«ኮምፒውተር አስደርግ» የሚባለው ምክርም ወሰን አለው። አዲሶቹ መኪኖች ፒ0303 የሚል የብልሽት ኮድ ሲሰጡ ሦስተኛው ሲሊንደር ማለታቸው ነው፤ ፒ0300 ካሉ ግን ሲሊንደሩን አላወቁትም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1990ዎቹ ኮሮላዎች ከነጭራሹ ሲሊንደር መለየት አይችሉም። እነሱ ላይ ኮዱ የሚነበበው ቦኔት ሥር ባለው ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ፣ ቁልፍ ከፍቶ፣ ሞተር ሳያስነሱ የቼክ ኢንጅኑን ብልጭታ በመቁጠር ነው። አንድ ብልጭታ፣ ከዚያ አራት ከሆነ 14 ነው፤ የእሳት ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው። 25 ከሆነ ደግሞ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር አንሷል።

ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ባለው መኪና ላይ ምንም ሳይገዛ የሚሠራ ፈተና አለ። ሦስተኛው ከሞተ የሦስተኛውን ቦቢና ወደ አንደኛ፣ የሦስተኛውን ካንዴላ ወደ ሁለተኛ አዛውሮ መንዳት ነው። ችግሩ ወደ አንደኛ ከሄደ ቦቢናው፣ ወደ ሁለተኛ ከሄደ ካንዴላው ነው። እዚያው ከቀረ ወይ ኢንጀክተሩ፣ ወይ ሽቦው፣ ወይ ኮምፕሬሽኑ ነው። የቶዮታ ኢንጀክተር ሲለካ ብዙውን ጊዜ ወደ 14 ኦም ይሰጣል። ዲስትሪቢውተር (እሳት አከፋፋይ) ባላቸው መኪኖች ላይ የካንዴላ ገመድ ከ25 ኪሎ ኦም በላይ ካሳየ ይጣል። ማታ በጨለማ ቦኔት ከፍቶ ገመዶቹ ላይ ጥቂት ውኃ መንፋትም ይረዳል፤ የሚያመልጠው እሳት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ እጅ ግን አይጠጋም።

ካንዴላ ሲወጣ ጥርሱን (እሳት የሚዘልበትን ጫፍ) ብቻ አይዩ። ነጩ ሸክላ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ፣ እሳቱ ጥርሱን ትቶ በጎን እየወረደ ነው ማለት ነው። ያ መስመር ካንዴላው ላይ በሚሰካው የገመዱ ወይም የቦቢናው ላስቲክ ውስጠኛ ግድግዳ ላይም ይኖራል፤ ላስቲኩን ሳይቀይሩ አዲስ ካንዴላ ቢያስገቡ እሳቱ ያንኑ መንገድ ይይዛል። «ካንዴላ ቀይሬ ሳምንት ሠርቶ ተመለሰ» የሚለው ቅሬታ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ከተኛ ደግሞ ላስቲኩን ያለሰልሰዋል፤ መፍትሔው የጉድጓዱን ጎማና የቴስታታውን ክዳን ጓርኒሲዮን መቀየር እንጂ ዘይቱን በጨርቅ ጠርጎ መተው አይደለም። የጥርሱ ክፍተት እንደ ሞተሩ ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው። ኢሪዲየም የተባለ ካንዴላ በጣም ከረከሰ ኢሪዲየም አይደለም።

በከፍታ ምክንያት የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። አየሩ ሲሳሳ እሳት ለመዝለል ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ ስለዚህ የደከመ ቦቢና እዚህ ተደብቆ ይኖራል። መኪናው ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማና ከዚያም ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ አየሩ ጠንከር ሲልና ፔዳሉ ሲረገጥ መቆራረጥ ይጀምራል። ሲመለስ ይተዋል። ባለቤቱ የአዳማን ቤንዚን ያማል።

ሚኒሞ ላይ ተንቀጥቅጦ 2,500 ዙር ላይ የሚስተካከል ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚስብ የተሰነጠቀ ቱቦ አለው፤ በውኃ ብናኝ ይፈለጋል፣ በቤንዚን ፈጽሞ አይፈለግ። በጀሪካን የተገዛ ነዳጅ ከተጠረጠረ በጠርሙስ ቀድቶ አሳድሮ ማየት ነው፤ ውኃ ካለው ሥር ይዘቅጣል።

ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚቆራረጥ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ይለካ። በ4ኤ-ኤፍኢ ሞተሩ ቀዝቅዞ የአየር ማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ የጭስ ማውጫው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ሲጠብ ቫልቩ ሲሞቅ አይገጥምም፣ ቆይቶም ይቃጠላል። በጊዜ ከተደረሰበት ሥራው ክፍተቱን የምትወስነውን ትንሿን ክብ ብረት፣ ሺሟን፣ መቀየር ብቻ ነው።

የጋራዥ ባለቤቶችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሞተር ይውረድ የሚል መካኒክ የአራቱን ሲሊንደር ቁጥር፣ ዘይት ሳይጨመርና ተጨምሮ፣ ሞተሩ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ይሁን ሳይረገጥ በወረቀት ጽፎ ለደንበኛው ይስጥ። ደንበኛውም ያንን ወረቀት ሳያይ ቀብድ አይክፈል።

ከሰላምታ ጋር፣
የሞተር መካኒኮች፣ ከቱሉ ዲምቱ