አባዬ፣ ልጆቹ መማር አላቆሙም

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህ ተሻለህ? እማዬስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ያወራነው ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። «ዕድሜዬን ሙሉ ቾክ ይዤ ኖሬ የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ወጡ ብዬ ለማን ልናገር?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። መስመሩም ይቆራረጥ ነበር። እማዬ ከጎንህ ሆና «ተዋት በቃ» ስትልህ ይሰማኛል። ተጣድፌ የማይሆን ነገር ከምመልስልህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ ነው። አንተም መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ ታነበዋለህ።

መጀመሪያ ሕጉን ልንገርህ፤ እሱ እንደሚያሳስብህ አውቃለሁ። ተደብቄ ያደረግኩት ነገር የለም። ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር እዚህ አሜሪካ በ50ዎቹም ስቴቶች ሕጋዊ ነው። እኛ ባለንበት በሜሪላንድ ወላጅ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ ለአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቃል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት የግድ መሰጠት አለባቸው። ልጆቹ የሠሩት ሁሉ በፋይል ይቀመጣል፤ የሚመደብልን ሰው በዓመት እስከ 3 ጊዜ ሊያየው ይችላል። አንተ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ዕለታዊ ዕቅድህን ታቀርብ አልነበር? እኔም አቀርባለሁ። ነገ ወደ ትምህርት ቤት እንመለስ ቢሉም በሩ ክፍት ነው፤ ኮሌጅ ከመግባትም የሚያግዳቸው የለም።

አሁን ለምን እንዳስወጣኋቸው።

ማሙሽ እሁድ ማታ በመጣ ቁጥር «ሆዴን አመመኝ» ይል ነበር። ሐኪም ጋ ወሰድነው፤ ምንም የለበትም። ያስጨነቀው ሰኞ ጠዋት ነው። ልጁ ዝምተኛ ስለሆነ አይረብሽም፣ ስለማይረብሽ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም፣ ማንበብ በደንብ ሳይችል ከክፍል ክፍል እያለፈ ሄደ። አስተማሪዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ልጁ ብዙ ነው፣ እነሱ ጥቂት ናቸው። አንተም ክፍሉ እስኪጨናነቅ ተማሪ ሲመደብልህ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀሩት ልጆች እንዴት እንደሚያስጨንቁህ ማታ ማታ ለእማዬ ስትነግራት እሰማ ነበር። የእኔ ልጅ ከነሱ አንዱ ሲሆን ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሌላው አማርኛው ነው። ልጆቹ ከአንተ ጋር በስልክ ሲያወሩ «ሰላም ነው፣ ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን ይመልሱልኛል። ቀኑን ሙሉ ውጭ ውለው ማታ ደክሟቸው ሲመጡ ለእኛ የሚተርፈው እራትና እንቅልፍ ብቻ ነበር። አያታቸውን ሳያውቁ እንዲያድጉ አልፈልግም፣ አባዬ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞስ ትምህርት ያለ ትምህርት ቤት እንደማይሆን ከአንተ አልሰማሁም። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አንተ ገና አዲስ መምህር ነበርክ። ዛፍ ሥር፣ በገበሬ ማኅበር አዳራሽ፣ ከእርሻ ደክሟቸው ለተመለሱ ሰዎች፣ ልጅ ለታቀፉ እናቶች ፊደል ያስቆጠርከው አንተ ነህ። ያ ዘመቻ እኮ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የዩኔስኮ ሽልማት ያስገኘ ነው። አንዲት አሮጊት ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ቀን እልል እንዳሉ የነገርከኝን አልረሳሁትም። አያቴስ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲቆጥሩ ወንበርና ጠረጴዛ ነበራቸው? እኔ አዲስ ነገር አልፈጠርኩም፤ ከቤታችን ያየሁትን ነው የያዝኩት።

ቀናችን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን የሚያዩ እንዳይመስልህ።

ጠዋት ቁርስ እንደበሉ ጓሮ እንወጣለን። ጓሮ ስልህ ያንተን ያህል አይደለም፤ ከቤቱ ጀርባ ያለች ትንሽ ቦታ ናት፣ አፈሯ ቀይ ሸክላ ነው፣ ሲደርቅ ዶማ አያስገባም። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም አለን። እዚህ ውርጩ የሚያበቃው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ ነው፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር በሩጫ ነው። ጎመን ብቻ ብርዱን ይችላል። እንዲያውም ውርጭ ከነካው በኋላ ይጣፍጣል፤ ቅጠሉ እንዳይጎዳ ስኳር ስለሚያጠራቅም ነው። ሚሚ ይሄንን ስትሰማ ጥሬውን ካልቀመስኩ አለች። አንተ በጃርት እንደምትማረረው እኛ በአጋዘን ተማረናል። ማታ መጥቶ ሁሉንም ግጦት ይሄዳል፣ አጥሩ ከፍ ካላለ ዘሎ ይገባል። ማሙሽ ከአባቱ ጋር የአጥሩን ዙሪያ ለክቶ ስንት ሜትር ሽቦ እንደሚያስፈልግና ስንት ብር እንደሚፈጅ ራሱ አሰላ። ክፍል ውስጥ ማባዛት ሲባል የሚያለቅስ ልጅ ነው እኮ።

ከሁሉም የወደዱት ኮምፖስቱን ነው። የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የተረፈ እንጀራ ይገባበታል፤ ሥጋና ቅባት ግን አይጥ ስለሚጠራ አይገባም። በመጸው ከዛፍ የሚረግፈውን ቅጠል በጆንያ እናስቀምጥና አንድ እጅ እርጥብ ነገር ሲገባ ሦስት እጅ ያህል ደረቅ ቅጠል እንጨምርበታለን። ማሙሽ ረጅም ቴርሞሜትር ሰክቶ ሙቀቱን በየቀኑ ይመዘግባል፣ በግራፍ ወረቀት ላይ ያሰምራል። ክምሩ በደንብ ሲሠራ እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል። አንድ ሰሞን ሙቀቱ ወረደና ልጁ ተጨነቀ፣ ሞተ እንዴ አለ። አየር አጥቶ ነው፤ ቅጠሉን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ። በመንሽ ገለበጥነው፣ በማግስቱ ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ። እንዴት እንደጮኸ ብታየው! ስለ ባክቴሪያ መጽሐፍ ከላይብረሪ ያመጣው ያን ሳምንት ነው፣ ራሱ ጠይቆ። ያነበበውም ራሱ ነው፣ ቀስ እያለ፣ በጣቱ እየተከተለ። እኔ ወጥ እያማሰልኩ እንባዬ መጣ።

አፈሩንም ለክተነዋል። አሲድነቱ በዝቶ ስለተገኘ ኖራ በተንን። ያኔ ማሙሽ «የአያቴ አፈርስ?» አለኝ። የጎጃም መሬትም ብዙ ዝናብ ካልሲየሙን እያጠበ ስለሚወስደው አሲዳማ እየሆነ እንደመጣ፣ ገበሬውም ኖራ እንደሚበትን ነገርኩት። ካርታ አውጥተን ደብረ ማርቆስን ፈለግን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋን አየን፣ ድንች ለምን እንደሚስማማት አወራን። ይሄ ጂኦግራፊ ነው? ሳይንስ ነው? እኔ በፋይሉ ሁለቱም ጋ ጻፍኩት።

ቤታችን ውስጥ ዕቃ አይጣልም፣ ይሄን ደግሞ ከአንተና ከእማዬ ነው የወሰድኩት። የዘይት ጣሳ ላይ አበባ የምትተክሉ፣ የድሮ ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሒሳብ የምታሠሩኝ እናንተ ናችሁ። እዚህ ደግሞ ዕቃ በካርቶን በካርቶን ነው የሚመጣው። ካርቶኑን ቆርጠን የፊደል ካርድ ሠራንበት። 33 ፊደል በ7፣ 231 ካርድ። ሚሚ ወለሉ ላይ ትደረድራቸዋለች፣ ከ«ሀ» ጀምራ እስከ «ፐ» ሳትሳሳት የደረሰች ቀን ቡና አፍልተን ፈንዲሻ አፈነዳን። የወተት ፕላስቲኮቹንም ለሁለት እንቆርጥና አፈር ሞልተን በክረምቱ ውስጥ የጎመን ዘር እንዘራባቸዋለን፤ ውጭ በረዶው ላይ ተቀምጠው ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ይበቅላሉ። የቀረው ይለያል፣ ወረቀት ለብቻ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለብቻ። ፌስታል እዚያ አይገባም፣ የመለያ ማሽኑ ላይ እየተጠመጠመ ሥራ ያስቆማል። ልጆቹ አሁን ከእኔ በላይ ጠንቃቃ ሆነዋል፣ እንግዳ የጣለውን ሁሉ አውጥተው ይለያሉ።

«የተጣለው የት ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቁ የእኛ አካባቢ ቆሻሻ ዲከርሰን የሚባል ቦታ ተቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንደሚመነጭበት አሳየኋቸው። አዲስ አበባም ረጲ ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ በ2010 ተመርቋል። ስለ ቆሼም ነገርኳቸው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው እንደሞተ። ለልጅ ይከብዳል ብዬ አመንትቼ ነበር። ግን ማወቅ አለባቸው ብዬ አመንኩ። ሰዎች ሌላው የጣለውን እየለቀሙ የሚኖሩበት፣ ቤታቸውን ከሥሩ የሠሩበት ቦታ ነው። ሚሚ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና ለሟቾቹ ሻማ እናብራ አለች፣ አበራን።

በዚሁ ካነሳሁት አይቀር፣ እባክህ እማዬን ምከርልኝ። ከሰል ስታቀጣጥል ፌስታል ትጠቀማለች፣ ባለፈው በቪዲዮ አየኋት። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፣ ለሳንባዋ አይበጅም፣ እሷ ደግሞ ሳሉ አልለቀቃትም። ደረቅ ጭራሮ ወይም ወረቀት ይበቃታል። በ2017 ፌስታልን የሚከለክል አዋጅም ወጥቷል፣ ቀስ በቀስ ዘንቢሉን መልመድ ነው። አንተም ውሃ በጄሪካን ተሸክመህ ድንቹን ማጠጣት ተው። ጉልበትህን እያመመህ ነው። ለሚቆፍርና ውሃ ለሚቀዳ ልጅ የሚከፈለውን እኔ እልካለሁ፣ ምንም አትበል።

«ሰው አይለምዱም» ያልከኝን በቁም ነገር ነው የወሰድኩት። ረቡዕ ረቡዕ እንደኛው ቤት ከሚያስተምሩ ቤተሰቦች ጋር መናፈሻ እንገናኛለን። ማሙሽ ኳስ ይጫወታል። እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ። ከጎናችን የሚኖሩት ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፣ ቃሪያ እየተለዋወጥን ልጆቹ ስፓኒሽ መልመድ ጀምረዋል። ብቻቸውን አይደሉም፣ በዚህ አታስብ።

ቀላል ነው ግን አልልህም። እኔ አሁን የምሠራው ቅዳሜና እሁድ ማታ ብቻ ነው፣ ገቢያችን ቀንሷል፣ መኪናዋም አርጅታለች። የሚደክመኝ ቀን አለ። ትምህርት ሳይሆን ጭቅጭቅ የሚሆንበት ቀንም አለ፣ ያኔ ደብተሩን ዘግተን ጓሮ እንወጣለን። ቢሆንም ማሙሽ እሁድ ማታ ሆዴን አመመኝ ካለ ቆየ። ለእኔ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን የምለምንህን ልንገርህ፣ ደብዳቤውን የጀመርኩትም ለዚህ ነው። ከአንተ የተሻለ አስተማሪ የለንም። እኔ ፊደሉን አስቆጥራለሁ፣ ንባቡን ግን ካንተ ቢማሩ ደስ ይለኛል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ በስልክ አስተምርልኝ። እኛ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚህ ሰዓት ሲቀየር 11 ይሆናል። እንዳመችህ አድርገው፦ ተረት ንገራቸው፣ እንቆቅልሽ ጠይቃቸው፣ ስለ ዘመቻው አውራቸው፣ ድንቹን እያሳየህ አስተምራቸው። ሲሳሳቱ እንደኛ ጊዜ ቆጣ አትበል እንጂ እርማቸው። እኔም ከጎን ሆኜ እሰማለሁ። አንተ ያስተማርከውን በፋይሉ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ማን እንዳስተማረ ሲጠይቁኝ አባቴ ናቸው እላለሁ።

ዘር ግን በሰው እንዳትልክ። የጤና ምስክር ወረቀት ከሌለው ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል፣ ያመጣውም ሰው ይቸገራል። የበሶብላውን ዘር እዚሁ አግኝቻለሁ።

በሚመጣው ቅዳሜ እንጀምር። ማሙሽ ከወዲሁ ጥያቄ ጽፎ አስቀምጧል፦ ጃርቱን እንዴት እንደምታባርረው፣ ድንቹ ላይ አመድ ትጨምር እንደሆነ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ሰነፍ ነበርኩ ወይ ብሎ። የመጨረሻውን እንደፈለግህ መልስለት። መብራት ከጠፋ ወይም ኔትወርኩ እምቢ ካለ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንደውላለን። ካርዱን እኔ ሞልቼልሃለሁ፣ ስልኩን ዓርብ ማታ ቻርጅ አድርገው። እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ