የዓሣው ግራፍ ከየት ነው የጀመረው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የዓሣ ዋጋን አምናና ዘንድሮ ብላችሁ ያወዳደራችሁበትን ባር ግራፍ አየሁት። የአምናው ባር ድንክ፣ የዘንድሮው ሰማይ ጠቀስ። እዚህ ባሕር ዳር ጋዜጣውን ያየ ሁሉ «ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ!» ሲል ነው የዋለው፣ ዓሣ በየሳምንቱ የሚገዛው ሰው ሳይቀር። ዋይ አክሲሱን፣ ማለትም ዋጋው የሚነበብበትን የቁም መስመር፣ ልብ ብሎ ያየ የለም። ከዜሮ አይጀምርማ!

የእናንተን ቁጥር ልተወውና በሌላ ላስረዳ። አንድ ኪሎ ቆሮሶ ዓሣ አምና 450፣ ዘንድሮ 475 ብር ነው እንበል። ጭማሪው 25 ብር ነው፣ ከመቶ 6 እንኳን አይሞላም። አክሲሱን ከ440 ካስጀመራችሁት ግን የአምናው ባር ቁመቱ 10፣ የዘንድሮው 35 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ተኩል! ባር ግራፍ ላይ ዓይን የሚያወዳድረው ቁመትን ነው። ከታች ከተቆረጠ ቁመቱ ይዋሻል። ስለዚህ ባር ከሆነ ከዜሮ ይጀምር፣ በቃ።

ሁሉም ግራፍ ከዜሮ ይጀምር የሚሉም አሉ። በዚህ ደግሞ አልስማማም። ጣናን እንውሰድ። የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1786 ሜትር አካባቢ ነው (ጥልቀቱ አይደለም፣ ጥልቀቱማ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ነው)። ይህን ከፍታ በመስመር ግራፍ ከዜሮ አስጀምራችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ቦታ ብታወጡት፣ የአንድ ሜትር ለውጥ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ አይሞላም። የሚታየው ዝርግ መስመር ነው። ሐይቁ ግን ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ፣ አንድ ሜትር ማለት 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ነው። በ1995 ዓ.ም. ጣና ጀልባ እስኪቸገር ድረስ ሲወርድ፣ ከዜሮ የጀመረ ግራፍ ቢኖር ምንም አልተፈጠረም ይል ነበር። እንዲህ ያለውን መስመር ከ1783 ማስጀመር ነው የሚያዋጣው፣ ብቻ መነሻው ጎላ ተደርጎ ይጻፍ።

የአግድሙ፣ ጊዜን የሚያሳየው አክሲስ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም እሱን ማንም አይጠረጥረውም። ጣና ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም አካባቢ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ከዚያ በጋውን ሙሉ እየወረደ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለውን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ሐይቁ ደርቆ ማለቁ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ብቻ አውጡት፣ ባሕር ዳር ልትሰምጥ ነው። ቁጥሮቹ ግን አንዳቸውም ሐሰት አይደሉም። ሰኔን ከአምናው ሰኔ ጋር የማያወዳድር ግራፍ ስለ ጣና ምንም አልነገረንም።

የዓሣውን ግራፍ ከዜሮ አስጀምራችሁ ድጋሚ አውጡልን። ቦታ ካጠራችሁ ሁለቱን ዋጋ በአንድ መስመር ጻፉት፣ ለሁለት ቁጥር መጀመሪያውኑ ግራፍ አያስፈልግም ነበር።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር